የመኪና መብራትና የቀለሙ ታሪክ

በሌሊት የሚጓዝ ሰው ብርሃን የሚፈልገው ለሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው መንገዱን ለማየት፣ ሁለተኛው በሌላው መንገደኛ ዘንድ ለመታየት ነው። የመኪና መብራትም የተፈጠረው ለነዚሁ ለሁለቱ ጉዳዮች ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ሦስተኛ ጉዳይ ተጨምሮበታል፤ ይኸውም ጌጥ ነው። ከመኪናው የፊት መከላከያ ግርጌ የሚገኘው የጉም መብራት አምፖሉ በተቃጠለ ጊዜ፣ ባለቤቱ አዲሱ አምፖል ከዋናው የፊት መብራት ጋር በቀለም እንዲመሳሰል ይፈልጋል፤ ከላይ ነጭ ከታች ቢጫ ሆኖ መታየቱን ግራና ቀኙ የተለያየ ጫማ እንደ ማድረግ ይቈጥረዋል።

ይህ ፍላጎት በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ሥርዓትን መውደድ መልካም ጠባይ ነውና። ነገር ግን ቢጫው ለምን ቢጫ፣ ነጩስ ለምን ነጭ እንደ ሆነ ሳያውቁ መለወጥ፣ ገንዘብን ከማባከን አልፎ የሰውን ሕይወት እስከ መጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን የመኪናን ብርሃን ታሪክ ከመነሻው ጀምረን እንመለከታለን፤ በመጨረሻም ከታሪኩ የሚገኘውን ምክር እናቀርባለን። የአገራችንን ነገር በኢትዮጵያ አቈጣጠር፣ የውጭውን አገር ደግሞ በኤውሮፓ አቈጣጠር የምንናገር መሆናችንን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ እንዳይመስላችሁ፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በአቃቂ ቃሊቲ የሚገኘውን ገላን ኮንዶሚኒየምን አስቡ። በዚያ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ከቢሮው ለመገኘት ጎሕ ሳይቀድ መነሣት አለበት። መኪና ያለው መኪናውን አስነሥቶ፣ የሌለውም በአስፋልቱ ዳር ቆሞ አውቶቡስ ጠብቆ ወደ ቃሊቲ አቅጣጫ ይጓዛል። በዚህ አካባቢ መንገድ ከጅቡቲ ወደብ ጭነት ይዘው የሚመጡ ባለተሳቢ ከባድ መኪናዎች፣ ሚኒባሶችና የቤት መኪናዎች ይተላለፋሉ፤ ዳር ዳሩንም ወደ ፋብሪካ የሚሄደው ሠራተኛና ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሕፃን በእግሩ ይጓዛል። በሐምሌና በነሐሴ ማለዳ በዋልካው ሜዳ ላይ ጉም በተኛ ጊዜ፣ ነጂው ከፊቱ ያለውን እግረኛ ለይቶ የሚያውቀው በመብራቱ ብርሃን ብቻ ነው። ስለዚህ የመብራቱ ነገር የባለመኪናው የግል ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ይህ የአቃቂ ምድር ለብርሃን ታሪክ ባዕድ አይደለም። በአገራችን በውሃ ኃይል ኤሌክትሪክ ማመንጨት የተጀመረው በዚሁ በአቃቂ ወንዝ ላይ፣ በ1904 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያም በኢጣሊያ ወረራ ዘመን በዚሁ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ግድብ ተሠርቶ፣ 6.6 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ጣቢያ ቆመ። ጣቢያው አዲስ አበባን ለብዙ ዘመን ሲያበራ ከኖረ በኋላ ሥራውን አቁሞ ነበር፤ በቅርብ ጊዜ ግን ታድሶ እንደ ገና አገልግሎት መስጠት ጀምሯል።

መኪና ወደ አገራችን የገባው ከአቃቂው ጣቢያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ፣ በረሃውንና ተራራውን አቋርጦ አዲስ አበባ አስገባት፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ተሳፍረውባት ተመለከቱ። የምድር ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. መሆኑን ብናስታውስ፣ መኪናይቱ ባቡሩን ዘጠኝ ዓመት ያህል ቀደመችው ማለት ነው።

በዚያ ዘመን የመኪና መብራት እንደ ዛሬው በጣት ተጭነው የሚያበሩት አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ከፈረስ ሠረገላ የወረሱትን የሻማና የነጭ ጋዝ ፋኖስ ይዘው ይሄዱ ነበር። የፋኖሱ ነበልባል ቢጫና ደካማ ስለ ነበረ፣ መኪናዋ በሌላው ሰው ዘንድ እንድትታይ ከማድረግ በቀር ለነጂው መንገዱን የሚገልጥለት አልነበረም። ቢጫ ብርሃን እንግዲህ በመኪና ላይ የተጀመረው በጥናት ሳይሆን፣ እሳት ከተፈጥሮው ቢጫ በመሆኑ ነው።

ቀጥሎ የአሴቲሊን መብራት መጣ። ካልሲየም ካርባይድ በተባለው ድንጋይ መሰል ነገር ላይ ውሃ በጠብታ ሲወርድበት አሴቲሊን የተባለው ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙም በቀጭን ቧንቧ ተመርቶ ሲለኰስ ነጭና ደማቅ ነበልባል ይሰጣል፤ ከበስተኋላው የተደረገው መስተዋትም ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ፊት ይወረውረዋል። ካርባይድን በብዛት የመሥራት ዘዴ በ1892 ቶማስ ዊልሰን በተባለ ካናዳዊ ከተገኘ ወዲህ መብራቱ በየአገሩ ተሠራጨ። ችግሩ ግን ብዙ ነበር፤ በመሸ ቊጥር ነጂው ከመኪናው ወርዶ የውሃውን ጠብታ ማስተካከል፣ ክብሪት መጫርና ነበልባሉን ከነፋስ መከላከል ነበረበት።

ይህን ሁሉ ድካም ያስቀረው ኤሌክትሪክ ነው። በ1912 የአሜሪካው ካዲላክ ኩባንያ ሞተሩን ለማስነሣትም ሆነ መብራቱን ለማብራት በባትሪና በዲናሞ የሚሠራ አንድ የተሟላ ዘዴ በመኪናዎቹ ላይ አዋለ፤ የዘዴውም ዋና መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ነጂው ከመቀመጫው ሳይነሣ መብራቱን ማብራትና ማጥፋት ቻለ።

ይሁን እንጂ ብርሃኑ በበረታ መጠን አዲስ ችግር ተወለደ። አንዱ ነጂ መንገዱን አጥርቶ ለማየት ያበራው መብራት፣ ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን የሌላውን ነጂ ዓይን ያጥበረብር ጀመር። የመብራት መሐንዲሶች ከዚያ ጊዜ አንሥቶ እስከ ዛሬ ድረስ የሚደክሙት በዚህ ጥያቄ ላይ ነው፤ ሌላውን ሳያሳውሩ እንዴት ማየት ይቻላል? ከተገኙት መልሶች አንዱ በ1925 የጀርመኑ ኦስራም ኩባንያ ያወጣው ቢሉክስ የተባለው አምፖል ነው። በአንድ አምፖል ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ተደርገው፣ አንደኛው ሩቅ የሚጥለውን፣ ሁለተኛው ዝቅ ብሎ ቅርብ የሚያሳየውን ብርሃን ይሰጡ ነበር። ዛሬ ነጂዎቻችን ረጅም መብራትና አጭር መብራት የሚሉት የዚህ ዘዴ ቅርስ ነው።

ፈረንሳዮች ደግሞ ሌላ መልስ ፈለጉ፤ መልሳቸውም በቀለም ነበር። በ1936 በወጣው ድንጋጌ መሠረት በፈረንሳይ አገር የመኪና የፊት መብራት ቢጫ እንዲሆን ታዘዘ። ምክንያቱም ከብርሃኑ ውስጥ ሰማያዊው ክፍል ቢወገድ የሚቀረው ቢጫ ብርሃን ዓይንን አያጥበረብርም፣ በጉምና በዝናብም ጊዜ ይበልጥ ያሳያል የሚል ነበር። ስለዚህ ከሃምሳ ዓመት በላይ በኤውሮፓ መንገድ በሌሊት የሚመጣውን መኪና በቢጫ ዓይኑ አይቶ ፈረንሳዊ ነው ማለት ይቻል ነበር። ሕጉ በ1993 ከጎረቤት አገሮች ደንብ ጋር ለመስማማት ሲባል ተሻረ። የጉም መብራት ቢጫ መሆን አለበት የሚለው እምነት ግን ከሕጉ በኋላም ሳይሻር ቀረ።

ስለ ጉም ከተነሣ፣ ወደ አገራችን ተመልሰን የጣርማ በርን መንገድ እናስታውስ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ከመውረዱ በፊት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብሎ በሚገኘው በዚህ በር ያልፋል። ከቆላው የሚነሣው እርጥብና ሞቃት አየር ወደ ገደሉ አፋፍ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለውም እንፋሎት ወደ ደቃቅ የውሃ ነጠብጣብ ይለወጣል። ጣርማ በር በቀትር እንኳ በጉም የሚሸፈነው ስለዚህ ነው። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ተራራው ተበስቶ ዋሻ ተሠርቶለታል። በዚያ ዘመን በመንገዶቻችን ላይ ይመላለስ የነበረው ትሬንታ ኳትሮ የተባለው የፊያት የጭነት መኪና ነው፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ማርሽ የምንላቸውም ቃሎች ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከነጻነት በኋላም በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ መንገዶችን የመጠገንና የማስፋፋት ሥራ ተያያዘ፤ በመንገዱም ብዛት የሌሊት ነጂውና ጉም የሚያጋጥመው ሰው ቊጥር በዛ።

እንግዲህ በጣርማ በር ጉም ውስጥ፣ ወይም በገላን ሜዳ የነሐሴ ማለዳ፣ ቢጫ ብርሃን ከነጭ ይሻላልን? መልሱን ለመስጠት ጥቂት የፊዚክስ ነገር መናገር ግድ ነው። በ1871 ጆን ስትራት፣ በኋላ ሎርድ ሬይሊ የተባሉት እንግሊዛዊ ሊቅ፣ ሰማይ ሰማያዊ ሆኖ የሚታይበትን ምክንያት ገለጡ። የአየር ቅንጣቶች ከብርሃን ሞገድ እጅግ ያነሱ ስለ ሆኑ፣ አጭር ሞገድ ያለውን ሰማያዊውን ብርሃን ከሌላው ይበልጥ ይበትኑታል። ከዚህ በመነሣት ብዙ ሰዎች፣ ሰማያዊው የሚበተን ከሆነ ቢጫው ጉሙን ሰንጥቆ ያልፋል ብለው ደመደሙ።

ነገር ግን ጉም አየር አይደለም። የጉም ነጠብጣብ ስፋቱ አንድ ሚሊ ሜትር ለመቶ ቢከፈል ከሚገኘው አንዱ ክፍል ያህል ነው፤ ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ሞገድ ግን አንድ ሚሊ ሜትር ለሺሕ ቢከፈል የአንዱን ክፍል እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ነጠብጣቡ ከሞገዱ ከዐሥር እጅ በላይ ይበልጣል ማለት ነው። በ1908 ጉስታቭ ሚ የተባሉት ጀርመናዊ ሊቅ ባወጡት ስሌት መሠረት፣ እንዲህ ያለው ትልቅ ነጠብጣብ ቀለሞችን ሁሉ በእኩልነት ያህል ይበትናቸዋል። ጉም ነጭ ሆኖ የሚታየንም ስለዚህ ነው፤ ሰማያዊውን ለይቶ የሚበትን ቢሆን ኖሮ እንደ ሰማይ ሰማያዊ በሆነ ነበር። ስለዚህ ቢጫ ብርሃን ጉምን የመሰንጠቅ የተለየ ኃይል የለውም። ሰማያዊው የተቀነሰለት ብርሃን ለአንዳንድ ሰው ዓይን የሚለሰልስ መሆኑ አይካድም፤ ይህ ግን ስለ ዓይን ምቾት የሚነገር ነው እንጂ ስለ ጉም አይደለም።

ታዲያ የጉም መብራት ጥቅሙ ምን ላይ ነው? ጥቅሙ በቀለሙ ሳይሆን በቦታውና በቅርጹ ላይ ነው። በመጀመሪያ ከመሬት ብዙ ሳይርቅ ዝቅ ብሎ ይደረጋል። ሁለተኛም ብርሃኑ ወደ ጎንና ጎን ሰፍቶ የመንገዱን ዳር ያሳያል። ሦስተኛም የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ በቢላዋ እንደ ተቈረጠ ሆኖ ወደ ላይ አይወጣም። ብርሃኑ በነጂው ዓይን ፊት ካለው ጉም በታች ስለሚያልፍ፣ ከነጠብጣቡ ተመልሶ ዓይኑን የሚመታው ጥቂት ነው። በጉም ውስጥ ረጅም መብራቱን የሚያበራ ሰው ግን ከፊቱ ነጭ ግድግዳ ይገተርበታል፤ ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ እንደሚባለው፣ ሩቁን አያለሁ ሲል ቅርቡን ያጣል። በጎማው ፊት ያለውን የአስፋልት ጠርዝና የእግረኛውን እግር የሚያሳየው ያ ዝቅ ያለው መብራት ነው። በ1968 በቪየና የተደረገው ዓለም አቀፍ የመንገድ ስምምነትም የፊት ጉም መብራት ነጭ ወይም ቢጫ እንዲሆን ሲፈቅድ፣ ሁለቱን ቀለሞች እኩል አድርጎ መቀበሉ ነው።

አሁን ደግሞ ነጩ ብርሃን እንዴት እንደ በረታ እንመልከት። በአሜሪካ ከ1940 ጀምሮ አምፖሉ፣ መስተዋቱና የፊቱ ብርጭቆ በአንድነት ታሽገው ይሠሩ ስለ ነበር፣ መብራት ሲቃጠል ሁሉም በአንድ ላይ ይለወጥ ነበር፤ ለቀለም ምርጫም ብዙ ስፍራ አልነበረም። በ1959 ግን የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ የሃሎጅን አምፖልን አወጣ። በተራው አምፖል ውስጥ ከጋለው የተንግስተን ሽቦ የሚተነው ብናኝ በብርጭቆው ላይ እያረፈ ያጠቊረዋል፤ በሃሎጅን አምፖል ውስጥ ግን ጋዙ ብናኙን ይዞ ወደ ሽቦው ስለሚመልሰው፣ ሽቦው ይበልጥ ግሎ የነጣ ብርሃን ይሰጣል። ይህ አምፖል በ1962 ኤች 1 በሚል ስም በኤውሮፓ መኪናዎች ላይ ዋለ፤ በ1971ም ረጅሙንና አጭሩን መብራት የያዘው ኤች 4 ተከተለ። በ1991 በጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብልዩ መኪና ላይ ሽቦ የሌለው የዜኖን መብራት መጣ። ከዚያም በዚህ በያዝነው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐሥር ዓመታት ኤል.ኢ.ዲ. የተባለው መብራት የፊት መብራትን ስፍራ መያዝ ጀመረ።

የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው። ስሙ የተወሰደው በ1848 ይህን የሙቀት መለኪያ ካቀረቡት፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን ከተባሉት ከዊልያም ቶምሰን ነው። ብረት ሲግል መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ በመጨረሻም ነጭ እንደሚሆን ሁሉ፣ የኬልቪኑ ቊጥር በጨመረ መጠን ብርሃኑ ከቢጫ ወደ ነጭ፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የሻማ ብርሃን 1,900 ያህል፣ የሃሎጅን አምፖል 3,200 ያህል፣ ከፋብሪካ የሚወጣ የዜኖን መብራት 4,300 ያህል፣ የቀትር ፀሐይ 5,500 ያህል፣ ብዙዎቹ የኤል.ኢ.ዲ. መብራቶችም ከ5,000 እስከ 6,500 ናቸው። በሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱቅ ገብታችሁ በካርቶኑ ላይ የምታዩት ቊጥር ይኸው ነው። ቊጥሩ ቀለምን እንጂ ኃይልን እንደማይናገር ግን ልብ በሉ። 6,000 የተጻፈበት አምፖል 3,000 ከተጻፈበት እጥፍ ያበራል ማለት አይደለም። የብርሃን ብዛት የሚለካው ሉመን በሚባለው ሌላ መለኪያ ነው።

በዚህ ስፍራ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር እንግለጥ። የሃሎጅን አምፖልን ነጭ ለማስመሰል ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ ብርጭቆውን ሰማያዊ መቀባት ነው። ሰማያዊው ቀለም ግን አዲስ ብርሃን አይፈጥርም፤ ከሽቦው የሚወጣውን ቢጫውንና ቀዩን ክፍል ይዞ ያስቀራል እንጂ። ስለዚህ ቀለሙ የነጣ መስሎ ሲታይ የብርሃኑ መጠን ይቀንሳል። ባለመኪናው ለነጭነቱ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ፣ በመንገዱ ላይ የሚያገኘው ብርሃን ከቀድሞው ያነሰ ይሆናል።

እንግዲህ የጉም መብራቱን አምፖል ከፊት መብራቱ ጋር ማመሳሰል የሚፈልግ ሰው ምን ያድርግ? ከሁሉ በፊት ዋናው መብራቱ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ይወቅ። የፊት መብራቱም የጉም መብራቱም ከፋብሪካ ሃሎጅን ሆነው የመጡ እንደ ሆነ፣ የታዘዘውን ተራ የሃሎጅን አምፖል ሲያደርግ ቀለሙ በራሱ ይመሳሰላል። የቀለም ልዩነት ካየ፣ አምፖሉን ከመውቀሱ አስቀድሞ የመብራቱን ሽፋን ይመልከት። የዛሬው የመብራት ሽፋን ፕላስቲክ ነውና፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ስፍራ የሚበረታው ፀሐይ በጊዜ ብዛት ያጠወልገዋል፤ ቢጫም ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ ቢጫ የሆነው አምፖሉ ሳይሆን ሽፋኑ ነው፤ ተወልውሎ ሲጸዳ ቀለሙም ብርሃኑም ይመለሳል። አምፖል መለወጥ ግድ ከሆነም ግራና ቀኙ በአንድነት ይለወጡ፤ የቈየውና አዲሱ አምፖል እኩል ያበራሉ ማለት አይቻልምና።

ሁለተኛው ነገር የአምፖሉ ዓይነት ነው። ኤች 8፣ ኤች 11 እና ኤች 16 የሚባሉት አምፖሎች ሲያዩዋቸው ወንድማማች ይመስላሉ፤ ነገር ግን ኤች 11 የሚስበው 55 ዋት፣ ኤች 8 የሚስበው 35 ዋት፣ ኤች 16 የሚስበው 19 ዋት ነው። የብርሃናቸውም መጠን 1,350፣ 800 እና 500 ሉመን ያህል ነው። ፋብሪካው እግራቸውን ለያይቶ የሠራው አንዱ በሌላው ስፍራ እንዳይገባ ብሎ ነው። በሞረድ ሞርዶ ትልቁን በትንሹ ቦታ የሚያስገባ ሰው ለ19 ዋት የተሠራውን የመብራት ቤት በ55 ዋት ሙቀት ያቀልጠዋል፤ ሽቦውንም ያግላል። የሃሎጅን አምፖል ብርጭቆም በባዶ እጅ መነካት የለበትም፤ የጣት ቅባት በጋለው ብርጭቆ ላይ ተቃጥሎ ዕድሜውን ያሳጥረዋልና።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚያሰጋው፣ ለሃሎጅን በተሠራ የመብራት ቤት ውስጥ የኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ማስገባት ነው። የመብራቱ መስተዋት የተቀረጸው የሃሎጅኑ ቀጭን ሽቦ በሚገኝባት በዚያች አንዲት ነጥብ ተለክቶ ነው። የብርሃኑ ምንጭ ጥቂት እንኳ ከዚያ ነጥብ ከተዛነፈ፣ ወይም ቅርጹ ከሽቦው ከተለየ፣ ያ በቢላዋ የተቈረጠ የመሰለው ጠርዝ ይፈርሳል፤ ብርሃኑም ወደ ላይ ይበተናል። ያን ጊዜ የጉም መብራት የጉም መብራት መሆኑ ይቀራል፤ በጉም ውስጥ የባለቤቱን ዓይን የሚመታ፣ በጠራው ሌሊትም ከፊት የሚመጣውን ነጂ የሚያሳውር ነገር ይሆናል። ቀለሙ ከዋናው መብራት ጋር እጅግ የሚስማማ ሊሆን ይችላል፤ ግን የተፈጠረበትን ጥቅም አጥቷል።

ይህ ጉዳይ ወደ ፊት እየቀለለ የሚሄድ ይመስላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከወሰነ ወዲህ በየመንገዱ የሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪናዎች፣ ብዙዎቹ መብራታቸው ከፋብሪካ ኤል.ኢ.ዲ. ሆኖ፣ መስተዋቱም ለዚያው ተለክቶ የመጡ ናቸው። ለነዚህ የቀለም ጭንቀት የለም። ነገር ግን ከዚያ በፊት የገቡት ባለሃሎጅን መኪናዎች ገና ለብዙ ዓመት በመንገዶቻችን ላይ የሚኖሩ ስለ ሆኑ፣ አሮጌው ከአዲሱ ጋር ልምሰል እያለ አምፖል መለዋወጡ ይቀጥላል። ምክሩም የሚያስፈልገው ለነዚህ ነው።

መብራታችሁ በደንብ መሥራቱን ለማወቅ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። በገላን ኮንዶሚኒየምም ሆነ በሌላ ሰፈር የምትኖሩ፣ በመሸ ጊዜ መኪናችሁን ደልዳላ በሆነ የማቆሚያ ስፍራ ከግድግዳ 10 ሜትር ያህል አርቃችሁ አቁሙና የጉም መብራቱን ብቻ አብሩ። በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ብርሃን የላይኛው ጠርዙ ቀጥ ብሎ የሚታይና ከመብራቱ ቁመት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ከሆነ መልካም ነው። ጠርዙ የማይለይ፣ ወይም ብርሃኑ ወደ ላይ ወጥቶ የጎረቤትን መስኮት የሚመታ ከሆነ ግን፣ ቀለሙ ምንም ያማረ ቢሆን ነገ ጧት በመንገድ ላይ የሰው ዓይን ይመታል ማለት ነው። ያን ጊዜ ወደ ታወቀ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወስዶ ማስተካከል፣ ወይም የታዘዘውን አምፖል መመለስ ይገባል። ጉም በሌለበት ሌሊትም የጉም መብራትን ማጥፋት ተገቢ ነው፤ በጉም ጊዜ ደግሞ ከመብራት ሁሉ የሚበልጠው ፍጥነትን መቀነስ ነው።

ከፋኖሱ ነበልባል እስከ ኤል.ኢ.ዲ. ድረስ ያየነው ታሪክ የሚያስተምረን እንግዲህ ይህን ነው። መሐንዲሶቹ ከመቶ ዓመት በላይ የደከሙት ብርሃኑን ለማብዛት ብቻ አልነበረም፤ ብርሃኑ የሌላውን ሰው ዓይን እንዳይጎዳ በልክና በሥርዓት እንዲሄድ ለማድረግም ነበር። ፈረንሳዮች በቀለም ሞከሩት፤ የቀለሙ ሕግ አለፈ፤ የብርሃኑን ጠርዝ የመቊረጥ ጥበብ ግን ጸንቶ ቀረ። ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎች፣ የጉም መብራታችሁን ነጭም አድርጉት ቢጫ፣ ምርጫው የእናንተ ነው። ዋቱና እግሩ የታዘዘው ይሁን፤ ጠርዙም አይፍረስ። በቃሊቲ መንገድ ዳር በጨለማ ቆሞ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው የመኪናችሁን መብራቶች ቀለም አያመሳክርም፤ እርሱ የሚፈልገው በጊዜ እንድታዩት ብቻ ነው።